«መልስ አብዝታ ሰጠችኝ፤ አራት ቀን ሆነኝ»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ሻጭ ተሳስቶ ስህተቱ ወደ እኛ ሲያደላ ምን እናድርግ? የመጀመሪያዋን ጠያቂ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ብዙውን ቦታም ለእሷ ሰጥቻለሁ። ሌሎቻችሁ ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ነገሩ ትንሽ ሊመስልዎት ይችላል፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐሙስ ማታ ለፋሲካ ዕቃ ልገዛ ሰፈራችን ያለ ሱፐርማርኬት ገብቼ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ካሸሯ ብቻዋን ናት። ሒሳቤ 1,340 ብር መጣ። ሰባት ባለ 200 ብር ኖት ሰጠኋት፣ 1,400 ማለት ነው። መልሱን ሳልቆጥር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ልከፍል ስል ነው ያየሁት፤ 60 ብር መመለስ ሲገባት 660 ብር ሰጥታኛለች። 2,000 የሰጠኋት መስሏት መሆን አለበት። ልውረድ ብዬ አሰብኩ፣ ግን መሽቷል፣ ዕቃም ይዣለሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው «ለበዓል እግዜር የሰጠሽ ነው፣ ዝም በይ» አለኝ። ደግሞ እዚያው ሱፐርማርኬት ባለፈው ወር አንድ ሳሙና ሁለት ጊዜ አስበውብኝ ነበር፣ ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አሁን ተመልሼ ብሄድ «አራት ቀን ሙሉ የት ነበርሽ?» እንዳይሉኝ አፍራለሁ። ልጅቷንም በእኔ ምክንያት ከሥራ እንዳያስወጧት እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ከሳሪስ

መልስ

ልጄ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ለምን እንደሆነና እንዴት ብለሽ እንደምትሄጂ ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አካሄዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጅቷን አስበሽ መፍራትሽ ትክክል ነው።

ባለቤትሽ የሚያስበው ስለ ሱፐርማርኬቱ ነው። ትልቅ ቤት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ይገባበታል፣ 600 ብር ምን ያጎድልበታል? ያ 600 ብር ግን ከሱፐርማርኬቱ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ከዚያች ልጅ ኪስ ነው የወጣው። ይህንን የማውቀው ራሴ ቆሜበት ነው።

ካሸር ፈረቃዋን ስትጀምር ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ብር ተቆጥሮ ይሰጣታል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሒሳብ መሣሪያው የቀኑን ሽያጭ ጠቅላላ ድምር ያወጣል። መጀመሪያ የተሰጣት ዝርዝር ተቀንሶ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር ይቆጠራል። ብሩ መሣሪያው ካለው ካነሰ «ጉድለት» ተብሎ በስሟ ይጻፋል። ለየትኛው ደንበኛ ተሳሳተች፣ በስንት ሰዓት፣ ብትጠየቅም አታውቀውም፤ ብታውቀውማ ድሮም አትሳሳትም ነበር። ወር ሲደርስ ደመወዟ ላይ ተቀንሶ ታየዋለች።

ሕጉ ይህን ያህል ልቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ላይ እንደተቀመጠው፣ አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር ከደመወዝ መቀነስ አይችልም። ሲቀንስም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ግን ብዙ ልጆች ገና ሲቀጠሩ «ጉድለት ቢገኝብኝ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርመው ነው የሚገቡት፣ ሥራ የፈለገ ሰው ደግሞ የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል። ትንንሽ ሱቆች ውስጥማ ወረቀትም የለም። «ጎድሎብሻል» ይባላል፣ ይቆረጣል፣ አለቀ።

እኔ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ነበርኩ። ደመወዜ በወር 180 ብር ነበር። አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ስንዘጋ 40 ብር ጎደለ። አንዴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ መሳቢያውን አውጥቼ ከሥሩ ፈለግኩ፣ የለም። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አልጮኸብኝም። ዝም ብሎ ደብተሩ ላይ ስሜን ጻፈና ከጎኑ 40 አለ። ያን ማታ ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት፣ የታክሲ ሳንቲም ለመቆጠብ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ብሩ አይደለም። ባለቤቱ እጄን ማየት መጀመሩ ነው። ጎደለ ሲባል አንድ ሰው ወይ ተሳስቷል ወይ ወስዷል፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቆጥሮ የሚያረጋግጥልሽ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ገና በሩን ስንከፍት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መጡ። ጋዜጣ ቁራጭ ውስጥ የጠቀለሉትን ብር አወጡና «ልጄ፣ ትናንት አሥር ብር ሰጥቼሽ የሃምሳ መልስ ሰጠሽኝ መሰለኝ፣ ማታ ልመጣ ብዬ ዝናቡ ያዘኝ» አሉኝ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ሰማ። ደብተሩን አነሳና ስሜን ሰረዘው። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ምን እንዳስለቀሰኝ የገባቸው አይመስለኝም፣ «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» ብለው አራት ዳቦ ገዝተው ሄዱ። እኚህን ሰው ስማቸውን አላውቅም፣ እስከ ዛሬ ግን በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ አንቺም ለዚያች ልጅ የምታመጪላት ከ600 ብር ይበልጣል።

አሁን አካሄዱን ልንገርሽ። በሰልፍ ሰዓት አትሂጂ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲል ሂጂ። መጀመሪያ ልጅቷን ራሷን ፈልጊ። ኃላፊ ጥሩልኝ አትበይ፣ ኃላፊ ሲጠራ ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ይከብዳል፣ ሰውም ይሰበሰባል። ቀስ ብለሽ «ሐሙስ ማታ መልስ አብዝተሽ ሰጥተሽኝ ነበር፣ 600 ብር ነው፣ ይኸው ደረሰኙ» በያት። ያን ዕለት ምን ያህል እንደጎደለባት እሷ ታውቀዋለች። ለአሠሪዋ ልንገር ካለች ትንገር፣ አብረሽያት ቁሚ። ገና ካልቆረጡባት ገንዘቡ የሱቁ ነው፣ ጉድለቷ ይሰረዝላታል። አስቀድማ ከኪሷ ከፍላው ከሆነ ግን ገንዘቡ የእሷ ነው እንጂ የሱቁ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን አያስብም። ለኃላፊው ሰጥቶ ይወጣል፣ ልጅቷ ግን የከፈለችው ሳይመለስላት ይቀራል።

እሷ ከሌለች ፈረቃዋ መቼ እንደሆነ ጠይቀሽ ተመለሽ። ሥራ ለቃ ከሆነ ስልኳን የምታውቅ የሥራ ባልደረባ አትጠፋም፣ በቴሌብር መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የግድ ለኃላፊ መስጠት ካለብሽ ደግሞ «ጉድለቱን የከፈለው ሰው ይውሰደው» ብለሽ ንገሪው፣ ስትናገሪም ሌላ ሠራተኛ ይስማ።

«አራት ቀን የት ነበርሽ?» የሚልሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢኖርም መልሱ ቀላል ነው፤ «አፍሬ ነው የቆየሁት»። እውነቱም እሱ አይደል?

ሳሙናው ሌላ ጉዳይ ነው። ተናደሽበታል፣ መናደድሽም ልክ ነው። ግን በሳሙናው የተከፋሽው በሱቁ ነው፣ 600 ብሩ የጎደለባት ደግሞ ልጅቷ ናት፤ እሷ ያንቺን ሳሙና አልወሰደችም። ደረሰኙ ካለሽ ይዘሽ ሂጂና በግልጽ ጠይቂ፣ «ይህንን ሁለቴ አስባችሁብኛል፣ መልሱልኝ» በይ። በሆድሽ ይዘሽ አንቺ ብቻ የምታውቂው ሒሳብ አታወራርጂ። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ሁልጊዜ ለራስ ያደላል፣ በእኔም በሁላችንም ላይ አይቼዋለሁ።

ባለቤትሽን ደግሞ በኃይለ ቃል አትናገሪው። ኑሮው ተወዷል፣ በዓል ደርሷል፣ 600 ብር ለቤታችሁ ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር በይው። እግዜር ለእኛ ሊሰጥ ሲፈልግ ከካሸሯ ልጅ ወስዶ አይሰጥም።

ባለቤትሽ «ስህተቱ የራሳቸው ነው፣ ሕግስ ቢሆን ምን ይለኛል?» ካለሽ ሕጉም ዝም አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2162 ላይ ያለ አግባብ መበልጸግ የሚባል ነገር አለ። በቂ ምክንያት ሳይኖርህ በሌላ ሰው ንብረት ወይም ድካም ከተጠቀምክ፣ በተጠቀምከው መጠን ካስ ይላል። አንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም የተበላሸ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በአንድ ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር ሰው በሒሳቡ ሳይኖረው ያወጣውና ያስተላለፈው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም የሚሰማው «ባንኩ ራሱ ነው የተሳሳተው» የሚል ነበር። በኋላ ባንኩ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ፣ ብዙው ገንዘብም ተመለሰ። ባንክ ቢያንስ የወሰደበትን ሰው ስም ያውቃል። ካሸሯ ግን ያንቺን ስም አታውቅም። ፎቶሽን የምትለጥፍበት ግድግዳም የላትም። ጥያቄሽ እኔ ዘንድ ከባንኩ ጉዳይ በላይ የከበደብኝ ለዚህ ነው።

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን አሉ? የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓርብ መርካቶ ድሪል ልገዛ ሄድኩ። ሦስት ሱቅ ጠይቄ ከ5,500 በታች የሚሸጥ አጣሁ። አራተኛው ሱቅ ስገባ ባለቤቱ ጁምዓ ሄዷል፣ 13 ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጁ ነበር የተቀመጠው። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ 5,600 ተጽፏል፣ 5ቷ ግን 2 ትመስላለች። ልጁ «2,600» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። እንዲያውም ተከራክሬ በ2,500 ወሰድኩት። ጓደኛዬ «ገበያ ነው፣ እነሱስ ስንቴ በልተውሃል!» ይለኛል። መከራከርስ መብቴ አይደለም? እውነቱን ይንገሩኝ።

ከኮልፌ

መልስ

ወንድሜ፣ እውነቱን ከፈለግክ ልክ አልሠራህም። አንተም የምታውቀው ይመስለኛል፣ ባታውቀው ኖሮ 5ቷ 2 እንደምትመስል አትጽፍልኝም ነበር።

መከራከር መብትህ ነው። ሻጩ 8,000 ብሎህ አንተ 5,500 ብታደርሰው አንድም ሰው አይወቅስህም፣ ሁለታችሁም ምን እንደምትሠሩ ታውቃላችሁ። ምናለሽ ተራ ሄደህ የተበላሸ ሬዲዮ በርካሽ ገዝተህ፣ ጠግነህ፣ በሦስት እጥፍ ብትሸጠው እሱም ያንተ ሙያ ነው፤ ሻጩ ገምቶ ሸጠ፣ አንተ ደግሞ የተሻለ ገመትክ። የዓርቡ ግን ግምት አልነበረም። ልጁ ቁጥር ነው የሳተው። በእውነተኛው ዋጋ ላይ አልተከራከራችሁም፣ እሱ የተሳሳተ ንባብ ላይ ቆሞ አንተ ትክክለኛውን እያየህ ነበር።

ደግሞ ሕፃን ነው። አባቱ ለአንድ ሰዓት አምኖት ሄደ። ሲመለስ ምን እንዳለው እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ግን ልጁ ከዚያ በኋላ ሱቁን እንደ በፊቱ የሚጠብቅ አይመስለኝም። እኔ እንደሆነ ከ3,100 ብሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልጁ ነው።

የሱቁን ቦታ ታውቀዋለህ። ሂድና ለአባቱ ንገረው። ሁለት መንገድ አለህ፤ ወይ ድሪሉን መልሰህ 2,500 ብርህን ትወስዳለህ፣ ወይ የጎደለውን ጨምረህ ዕቃውን ታስቀራለህ። ሥራ ላይ ካዋልከው መመለሱ ደስ አይልም፣ ጨምር። በአንዴ ከከበደህ በሁለት ጊዜ እከፍላለሁ በለው፣ መርካቶ ዱቤ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ምናልባት «ሐላል ይሁንልህ፣ ያለህን ጨምርና ሂድ» ሊልህም ይችላል። ያኔ ዕቃው በእውነት ያንተ ነው፣ ምክንያቱም አውቆ ተወልህ። የሱቅ ሰው በልቶሃል ያለህን የጓደኛህን ነገር እኔም አልክድም፣ እኔንም በልተውኛል። ግን ያ ሰውዬ ሌላ ነው፣ ይህ ልጅ ሌላ ነው። ስትሄድ ልጁ ካለ እሱ ባለበት ተናገር። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልነበረ፣ አንተም አይተህ ዝም እንዳልክ ይስማ።

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስድስት ሆነን እዚህ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ በልተን፣ ቢሉ ሲመጣ ሁለት ክትፎ አልተጻፈም። እኔ ልናገር ስል አንዷ ጓደኛችን «ተዪው፣ ለልጅቷ ቲፕ እናብዛላት» አለች። ሁሉም ተስማማና እንደዚያ አድርገን ወጣን። ሳምንት ሆነው። ለልጅቷ እስከጠቀምናት ድረስ ምን አለበት?

መልስ

አለበት እህቴ። ቲፑ ለአስተናጋጇ ነው፣ ክትፎው ደግሞ የባለቤቱ። በሰው ክትፎ ለጋስ መሆን ቀላል ነው። ልጅቷም ብታውቅ ደስ የሚላት አይመስለኝም፣ ባለቤቱ ከሥጋው ሒሳብ ጋር ሲያስተያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው።

ደውይ። «ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን በልተን ሁለት ክትፎ ሳይታሰብ ወጥተናል፣ አሁን ልክፈል» በይ። በስልክ በካርድ ይቀበሉሻል፣ ካልሆነም በሚቀጥለው ስትሄጂ ገና ሳትቀመጪ ክፈዪ። የሰጣችሁትን ቲፕ አትንኩት፣ እሱ የእሷ ነው። ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ ጥቂት ዶላር ነው የሚደርሳችሁ፣ ጓደኞችሽን ጠይቂያቸው፣ እምቢ ያለ ካለ የእሱን አንቺ ሸፍኚለት። ሌላ ጊዜ ቢል ሲመጣ አንቺ ተቀበይና ጮክ ብለሽ አንብቢ። ገና ሳትከፍሉ ሲነገራት ልጅቷ አስተካክላ ታመጣዋለች፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

የሳሪሷ ልጄ፣ ሄደሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ። አግኝተሻት እንደሆነ፣ ምን እንዳለችሽ፣ ተቆርጦባት እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። ደረሰኙን ግን እስክታገኚያት ድረስ አትጣዪው።